ዋኖሷ ከጠጣች

ዋኖስን ከሩቅ ለይቶ የሚያውቅ ሰው በእኛ እርሻ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ይህንንም ያልነገርኩት ሰው አልነበረም።

በመተማ ቆላ ርግብ ሞልቷል። ማሽላው ውስጥ፣ የሰሊጥ መጋዘኑ ጣሪያ ላይ፣ ሸሕዲ መናኸሪያ ደግሞ የሰው እግር ሥር ጥሬ ስትለቅም የምትውል ግራጫ ርግብ አለች። እሷን ማንም ያውቃታል። ዋኖስ ሌላ ናት። ጀርባዋ እንደ ዝገት ቀላ ብሎ በጥቁር የተጠቃጠቀ ነው። አንገቷ ላይ በግራና በቀኝ ጥቁርና ነጭ መስመር አላት። ብድግ ስትል ጅራቷን ዘርግታ ስለምትነሳ የጅራቷ ጫፍ ነጭ ሆኖ ይታያል። ቤት የላትም። አንዱን ዓመት ኅዳር ሲገባ ሰማዩን ሞልታ ትመጣለች፤ በሌላው ዓመት ብትጠብቃት ብትጠብቃት አንዲትም አታይም። ከየት መጥታ ወዴት እንደምትሄድ አባቴ አያውቅም ነበር፣ እኔም አላውቅም። ሱዳኖቹ ከእናንተ ዘንድ ነው የምትመጣው ይላሉ፤ እኛ ደግሞ ከእናንተ እንላቸዋለን።

አባቴ ከደጋ ወርዶ እዚህ የሰፈረ ሰው ነበር። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ሲያወራልኝ ስለ ሙቀቱም ስለ እባቡም ብዙ አይናገርም፤ የሚያወራው ስለ ውሃ ነበር። «ሰው በወባ አለቀ ይላሉ እንጂ ግማሹን የፈጀው ውሃ ነው» ይል ነበር። ስለዚህም ለራሱ አንድ ሕግ አበጀ፤ ልጅ ሆኜ ከኩሬ ዳር አቁሞ አስተማረኝ። «አገር ያላት ርግብ ያገኘችውን ትጠጣለች፤ ምን ታድርግ፣ ደጇ ነው። ዋኖስ ግን እንግዳ ናት፣ መርጣ ነው የምታርፍ። ዋኖሷ ከጠጣች ጠጣ፤ ካለፈችው እለፈው።» አባቴ በዚህ ሕግ ሰማንያ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው በዕድሜው ሞተ። ለእኔ ከዚህ የሚበልጥ ምስክር አልነበረም።

እኔ ደግሞ ካቦ ሆንኩ። ለአጨዳ ከደጋ የሚወርዱትን የቀን ሠራተኞች እዚህ ሳሉግ እንላቸዋለን፤ እነሱን የማሠራው እኔ ነኝ። የምንጠጣው ውሃ በበርሜል ተሞልቶ በትራክተር ተሳቢ ይመጣልናል። በርሜሉ ያለቀ ዕለት ያለን ሐፊሩ ነው፤ ሐፊር ማለት ክረምት እንዲሞላ ተብሎ በዶዘር የተቆፈረ ኩሬ ነው። ያን ጊዜ ሰዉ ሁሉ ጀሪካኑን ይዞ ዳር ይቆማል፣ እኔ እጄን ግንባሬ ላይ ጋርጄ ሰማይ ሰማይ አያለሁ። ዋኖስ ለውሃ የምትመጣው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። መጀመሪያ ግራሩ ላይ ታርፋለች። ዙሪያዋን አይታ አይታ ትወርዳለች፤ ምንቃሯን ውሃው ውስጥ ነክራ ቀና ሳትል ትመጠዋለች። «ጠጡ!» እላለሁ። ያችን ቃል ስናገር ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽም። ዋኖስ ባልመጣችባቸው ዓመታት ጥሙን ችለን በርሜሉን እንጠብቅ ነበር፤ እኔም በእነዚያ ዓመታት እንደማንኛውም ካቦ ተራ ሰው ነበርኩ።

ይህ የሆነው ካቻምና ነው። መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት የከረመበት ዓመት ስለነበር ሰው አልወረደም። በሌላ ጊዜ ሃያ ሠላሳ ሳሉግ የማሠራው ሰውዬ ዘጠኝ ሰው ይዤ ቀረሁ። ሰሊጥ ደግሞ አይጠብቅም፤ በጊዜው ካልቆረጥከው ፍሬው ተፈልቅቆ መሬት ላይ ይረግፋል። ከንጋት እስከ ምሽት ስንቆርጥ፣ ነዶውን ስናስር፣ እንዲደርቅ አንዱን ከአንዱ አስደግፈን ስናቆም እንውላለን። በየእርሻው ደግሞ በቆመው ነዶ ሥር ለሚገባው ተባይ መድኃኒት ይረጭ ነበር። ነፋስ ሲነፍስ ሽታው እኛ ድረስ ይመጣል፣ እናስነጥሳለን፣ እንረሳዋለን።

ከዘጠኙ አንዱ ከወሎ የመጣ፣ ቆላ ወርዶ የማያውቅ ሰው ነበር። ወሎዬው እንበለው። ዕድሜው ከእኔ ብዙም አያንስም፤ ሁለት ልጆች አሉት። በቀልዱ የተነሳ ሰው ሁሉ ከእሱ አጠገብ ለመቁረጥ ይሻማ ነበር። እኔን ደግሞ አልለቀቀኝም። ጥንብ አንሳ ሲያልፍ በጣቱ ያሳየኝና «ካቦ፣ ያቺስ ዋኖስ ናት?» ይለኛል። ዶሮ ሲያይ «ካቦ፣ ይቺስ?» ይላል። እኔ በወፍ ጉዳይ ቀልድ የማላውቅ ሰው እቆጣለሁ፤ እነሱ ይስቃሉ። ማታ ማታ ግን ብቻዬን ሲያገኘኝ ከልቡ ይጠይቀኝ ነበር፤ አንገቷ እንዴት ነው፣ ድምፅዋ እንዴት ነው፣ ስንት ሆና ትመጣለች። እኔም እንደ አባቴ ሆኜ አስተማርኩት።

አንድ ቀን በርሜሉ ገና በቀትር አለቀ። ትራክተሩ ውሃ ሊያመጣ እንደሄደ ቀረ፤ መንገድ ላይ አቁመውት እንደነበር በኋላ ሰማን። እስከ ማታ ድረስ ምላሳችን ላንቃችን ላይ ተጣበቀ። ጀሪካን ይዘን ወደ ሐፊሩ ወረድን። ሐፊሩ ከዳር እስከ ዳር ተሰነጣጥቆ መካከሉ ላይ ብቻ የቀረችውን ውሃ ይዞ ነበር።

በምዕራብ በኩል፣ ፀሐይዋ ዝቅ ባለችበት፣ ጥቂት ነጠብጣብ አየሁ። የሰፈሯ ርግብ ስትበር ክንፏን ታሳርፋለች፤ እነዚህ ግን አያሳርፉም፣ እየተቻኮሉ፣ ጎን ጎናቸውን እየጣሉ ነው የሚመጡት። ሁለት ዓመት ሙሉ አላየኋቸውም ነበር። ደሜ ሞቀ። «መጡ» አልኩ። ወሎዬው አጠገቤ ቆሞ በዚያ ቀን አልቀለደም። «ወላሂ እውነት ናት እንዴ?» ብቻ አለ። ግራሩ ላይ አረፉ፣ ሠላሳ ይሆናሉ፤ ቅርንጫፉ ጎበጠ። ከዚያ አንዷ ወረደች፣ ሌሎቹም ተከተሏት። ጅራታቸው ሲዘረጋ ነጩን አየሁ። ጠጡ፤ ረጅም ጊዜ ጠጡ።

«ጠጡ!» አልኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

መጀመሪያ የገባው ወሎዬው ነው። ጎንበስ ብሎ በእፍኙ ጠጣ፤ ከዚያ ጀሪካኑን ሞላ። ሌሎቹ ሊወርዱ ሲሉ የትራክተሩ ድምፅ ተሰማ። በርሜሉ መጣ ተብሎ ሁሉም ወደዚያው ሮጠ። ወሎዬው ብቻ ጀሪካኑን አቅፎ ቀረ። የበርሜሉ ውሃ ናፍጣ ናፍጣ ይላል እያለ ዘወትር ያማርር ነበር፤ «የወፏ ውሃ ይሻለኛል» አለ። እኔ ራሴ የጠጣሁት ከበርሜሉ ነው። ያን ጊዜ ይህን ልብ አላልኩትም።

በማግስቱ ጠዋት፣ ሰው ከመነሳቱ በፊት፣ ወደ ግራሩ ሄድኩ። ምናልባት አድረው እንደሆነ ላያቸው ብዬ ነው። አድረዋል። ሦስቱ ከግንዱ ሥር፣ አንዷ ደግሞ እሾሁ ላይ ተንጠልጥላ፣ ሁለት ራቅ ብለው። ክንፋቸው ተዘርግቷል፣ እግራቸው ተኮማትሯል፣ ምንቃራቸው ላይ አረፋ ደርቋል። አንዷን አገላበጥኳት፤ ቁስል የለባትም። ጭልፊት አልነካትም፣ ወንጭፍም አልመታትም። ውሃው ውስጥ ምን እንደገባ ወዲያው ነው የገባኝ። ገባኝ ስል አንድም ጥርጥር አልነበረኝም ማለቴ ነው፤ ይህን ዛሬም ለማለስለስ አልሞክርም።

ያደረግኩትን ልንገራችሁ። አንዷን ወፍ ከረጢቴ ውስጥ ከተትኳት፣ ሌሎቹን በእግሬ እየገፋሁ ሣር ውስጥ አስገባኋቸው። ሳሉጎቹ ካገኟቸው ጠብሰው ይበሏቸዋል ብዬ ነው አልኩ፣ ለራሴ። ይህ ግማሽ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ አፍሬ ነው። ትናንት ድምፄን ከፍ አድርጌ «ጠጡ» ያልኩ ሰው ዛሬ የሞተ ዋኖስ አንጠልጥዬ ሰው መሃል መግባት አቃተኝ። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ይባል የለ፤ እኔ ነኝ እሷ።

ስመለስ ወሎዬው ከነዶው ሥር ተቀምጦ ቂጣ ይበላ ነበር። ጀሪካኑ ጉልበቱ አጠገብ ነው። ቀና ብሎ አየኝ።

«ምነው ካቦ፣ ፊትህ ተለወጠብኝ?»

«ምንም አልሆንኩ» አልኩት። «ከበርሜሉ ጠጣ። እሱ ይቀዘቅዛል።»

«አብሽር፣ ዋኖሷ ጠጥታዋለች እኮ!» ብሎ ሳቀብኝ። የራሴን ቃል ነው የመለሰልኝ። ጀሪካኑን በሁለት እጁ አንስቶ ጠጣ። ጉሮሮው ከፍ ዝቅ ሲል አየሁት። የሚያስፈልገው አንድ ቃል ነበር፤ «ድፋው»። አፌ ውስጥ ነበር፣ አልወጣም። ትናንት ማታም ጠጥቶ ምንም አልሆነ፣ ወፍ ትንሽ ናት፣ ሰው ትልቅ ነው፤ እንዲህ እንዲህ እያልኩ ማጭዴን ይዤ ወደ መስመሬ ገባሁ።

አራት ሰዓት ሳይሞላ ጎንበስ እንዳለ በአፍጢሙ ተደፋ። ስንደርስ ለሃጩ ይንጠባጠባል፣ ላቡ ልብሱን አርሶታል፣ የዓይኑ ቆብ ብቻውን ይርገበገባል። አስመለሰው፤ ደግሞ አስመለሰው። ሰዉ ሁሉ «ወባ ነው» አለ። እኔም አልኩ። ከሁሉም በላይ ጮክ ብዬ «ወባ ነው!» ያልኩት እኔ ነበርኩ።

ተሳቢው ላይ ሰሊጥ የምናራግፍበትን ሸራ አንጥፈን አስተኛነው። ወደ ኮኪት ከተማ የሚወስደው መንገድ በዚያ ወቅት አቧራ ብቻ ነው፤ ትራክተር ደግሞ ምን ይፈጥናል። ጭንቅላቱን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ አቧራውን በነጠላ እየተከላከልኩለት ሄድን። ከረጢቴ ትከሻዬ ላይ ነው። ወፏ ከላባዋ በቀር ምንም ክብደት የላትም፤ በዚያ መንገድ ላይ ግን ማሰሪያው ትከሻዬን የሚቆርጠኝ ይመስለኝ ነበር። «ሾፌር፣ ፍጠን!» እያልኩ በሰው ላይ እጮሃለሁ። ፍጥነት የጎደለው እኔ ጋ እንደሆነ እያወቅኩ።

ከመንገዱ ዳር ወዳለው ጤና ጣቢያ አስገባነው። አንዲት ወጣት ነርስ ነበረች። ጣቱን ወግታ ደም ወሰደች፣ ጥቂት ቆይታ ተመለሰች። «ወባ የለበትም» አለች። በባትሪ ዓይኑን አየች፤ የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ቀዳዳ ጠቦ ነበር። ወደ እኔ ዞረች።

«ምን በላ?»

«እንደ ሁላችን ነው የበላ።»

«ምን ጠጣ? የእርሻ መድኃኒት ነክቷል?»

«እንደ ሁላችን» አልኩ እንደገና።

«አባቴ፣ እርስዎ ካልነገሩኝ እኔ እየገመትኩ ነው የማክመው» አለች። ቁጣ የለባትም፤ ደክሟታል። ወሎዬው ከመጋረጃው ወዲያ አልጋ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ይተነፍሳል፣ ትንፋሹ ውሃ የገባበት ይመስል ይንተከተካል። ሁለት ልጆች አሉት ብያችኋለሁ። ከረጢቴን ፈታሁና ወፏን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኳት።

«ይቺ ከጠጣችው ውሃ ጠጥቷል» አልኩ። «ማታም፣ ዛሬ ጠዋትም።»

ነርሷ ወፏን አየች። «መቼ አገኟት?»

«ጠዋት። እሱ ሳይጠጣ በፊት።»

«ጠዋት?» አለች። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች፤ ስምንት ሰዓት አልፏል። ብትሰድበኝ እንዴት ደስ ባለኝ። ሮጣ ሄዳ መርፌ ይዛ መጣች፣ ወጋችው፤ ቆይታ ደገመችው፣ ሠለሰችው። ልብሱን አስወልቃ ገላውን በሳሙና አሳጠበችኝ። እኔ አጠብኩት።

ዳነ። ሦስት ቀን አልጋ ላይ ቆየ፣ እኔም ከአልጋው ሥር አልተነሳሁም። ሁሉም እንዴት ያለ ደግ ካቦ ነው አለ። ነርሷ አንድ ቀን ውጭ አግኝታኝ ነገሩን አስረዳችኝ፤ መርዙ ወፏን ውሃው ዳር አይጥላትም፣ ጠግባ እስክትጠጣ ይተዋታል፣ በርራ ዛፏ ላይ ታርፋለች፣ እዚያ ትሞታለች። አባቴ ይህን ከየት ይወቀው? በእሱ ዘመን ውሃ የሚያበላሸው ጥንብ ወይም አረንቋ ነበር። ቢሆንም በዚያ ቀን አባቴን በሆዴ ሰደብኩት፣ አፈር ይቅለለውና። ከዚያ ራሴን ሰደብኩ። እሱ የማያውቀውን አስተማረኝ፤ እኔ ግን እያወቅኩ ነው ዝም ያልኩት።

የመርጫውን ዕቃ ሐፊሩ ውስጥ ያጠበው ማን እንደሆነ ብዙ ተጠየቀ፣ ያመነ የለም። ከሁሉም አብልጬ የጠየቅኩ፣ ከሁሉም አብልጬ የተቆጣሁ እኔ ነኝ። ሐፊሩን በእሾህ አጠርነው። ለሳሉጎቹ ውሃው ተመርዞ ነበር ብዬ ነገርኳቸው። የዚያን ጠዋቱን ነገር ግን ለማንም አልተናገርኩም፣ ለሚስቴም ጭምር።

ወሎዬው የአጨዳውን ማለቂያ ሳያይ ወደ አገሩ ተመለሰ። ሸሕዲ ድረስ ሸኘሁት። አውቶቡሱ እስኪሞላ ሻይ ጠጣን፤ የሻይ ብርጭቆው እጁ ላይ ስለሚንቀጠቀጥ በሁለት እጁ ነበር የያዘው። ቀልዱ ጠፍቷል። ሊገባ ሲል ፊቴን ረዘም አድርጎ አየኝ፣ የሆነ ነገር የሚፈልግ ይመስል። ከዚያ «አብሽር፣ ካቦ» አለኝና አውቶቡሱ ላይ ወጣ። ሳያውቅ ነው ይቅር ያለኝ ብዬ አሰብኩ፤ ይህ ከሁሉ ይልቅ አቃጠለኝ።

አምና ዋኖስ አልመጣችም። እግዜር ይስጣት አልኩ።

ዘንድሮ መስከረም ላይ ከወረዱት ሳሉጎች መሃል የአንዱ ቁመትም አነጋገርም አስደነገጠኝ። «ወንድሜ ሰላም ብሎዎታል» አለኝ። የወሎዬው ታናሽ ነው። ልጆቹ ደህና ናቸው፣ እጁ ተሽሎታል፣ ከባድ ነገር ማንሳት ግን አልቻለም፤ እሱን ወክሎ ሊሠራ መጣ። «ወደ እርስዎ እንድመጣ ያለኝ እሱ ነው። ሌላ ካቦ ዘንድ አትሥራ ብሎኛል።» ምሳ ሳልበላ ዋልኩ።

ኅዳር ላይ በርሜሉ ደግሞ አንድ ቀን አለቀ። የሐፊሩ አጥር ከፈረሰ ቆይቷል፤ ሁለት ክረምት ዘንቦበታል፣ ከብቱም ይጠጣዋል። ሰዉ ጀሪካኑን ይዞ ወረደ። እኔ ከኋላ ሄድኩ። ፀሐይዋ ዝቅ ስትል በምዕራብ በኩል እየተቻኮሉ፣ ጎን ጎናቸውን እየጣሉ መጡ። ግራሩ ላይ አረፉ፣ ወረዱ፣ ጠጡ። የቀድሞዎቹ ሳሉጎች ቃሌን የሚጠብቁ ይመስል ወደ እኔ ዞር ዞር አሉ። የወሎዬው ወንድም ግን ወፎቹን ከመጀመሪያውም አላያቸውም። ሐፊሩ ዳር ከደረስንበት ጊዜ አንስቶ ዓይኑ እኔ ላይ ነበር።

ወደ እሱ ሄድኩ። «አትጠጣ» አልኩት። «ወፏ ጠጣችም አልጠጣችም እኔ የማውቀው ነገር የለም። የአባቴ ወሬ ነው። በርሜሉን ጠብቅ።» እዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር። «አንድ ነገር ልንገርህ» አልኩት። «ወንድምህ የታመመ ዕለት ጠዋት ወፎቹን ሞተው አግኝቻቸው ነበር። ደብቄያቸው መጣሁ። ወንድምህ ሲጠጣ እያየሁት ዝም አልኩ።» ሁለት ዓመት ይዤው የዞርኩት ነገር ሲወጣ ይህን ያህል አጭር ነው።

የጀሪካኑን ክዳን ቀስ ብሎ አጠበቀ። «ያውቃል» አለ።

«ማን?»

«ወንድሜ። ጤና ጣቢያው ውስጥ ለነርሷ ሲነግሯት ሰምቷል። የጨፈነው ዓይኑን ነው እንጂ ጆሮውን አይደል።»

ጭቃው ዳር ተቀመጥኩ። «ታዲያ ለምን ወደ እኔ ላከህ?»

«‹ወፏን ተዋት፣ ካቦውን እየው› ብሎኛል። ‹አፉ ላይናገር ይችላል፣ ፊቱ ግን ውሸት አይችልበትም። ያን ቀን ፊቱን አይቼ ነበር፤ ቀልዴ አሸንፎኝ ጠጣሁ። ፊቱ ከተለወጠ አንተ አትጠጣ።›»

«ዛሬስ?» አልኩት።

«ወፎቹ ሳይመጡ ጀምሮ ፊትዎ ተለውጧል» አለኝና ባዶ ጀሪካኑን አስቀምጦ፣ በርሜሉን ሊጠብቅ አጠገቤ ተቀመጠ።